ከባግዳድ ከሓል እስከ ዐይን ባንክ፦ የኮርኒያ ሕመም በሕክምናና በፊቅህ ታሪክ

በ6ኛው ክፍለ ዘመነ ሂጅራ የሶርያው ሊቅ ዐብዱረሕማን ኢብን ነስር አሽ-ሸይዘሪ ለሙሕተሲቦች፣ ማለትም ገበያውን፣ ሚዛኑንና የእጅ ሙያውን በሸሪዓ ስም ለሚቆጣጠሩ ሹሞች፣ የሥራ መመሪያ የሚሆን መጽሐፍ ጽፈው ነበር። መጽሐፉ ስለ ዳቦ ጋጋሪው፣ ስለ ሥጋ ሻጩና ስለ መድኃኒት ቀማሚው እንደሚናገር ሁሉ ስለ ከሓሎችም ይናገራል፤ ከሓል ማለት የዐይን ሐኪም ነው። ሙሕተሲቡ ከሓሉን የሚፈትነው ሑነይን ኢብን ኢስሓቅ ስለ ዐይን በጻፋቸው ዐሥር መቃላት ነው። የዐይንን ሽፋኖችና እርጥበቶች ቆጥሮ የሚያውቅ፣ ሕመሞቹን ለይቶ የሚናገር፣ የኩልና የመድኃኒት ቅመማን የተካነ ሆኖ ሲያገኘው ብቻ በሰዎች ዐይን ላይ እጁን እንዲያሳርፍ ይፈቅድለታል። መሣሪያውም ይታያል፤ ሰበልና ዞፈራ ለተባሉት ሕመሞች መንጠቆ፣ ለጀረብ መፋቂያ፣ ሌላም ሌላም። በየመንገዱ እየዞሩ ዐይን እናክማለን የሚሉትን ግን ሸይዘሪ አያምኗቸውም። ያለ እውቀት በሰው ዐይን ላይ ስለት ከማሳረፍ የሚያግዳቸው ፈሪሃ አላህ የላቸውም ይላሉ።

ይህን ምዕራፍ ባነበብን ቁጥር ሁለት ነገር ያስቆመናል። የመጀመሪያው፣ የሸሪዓው ሹም ስለ ዐይን በራሱ ግምት አለመፍረዱ ነው፤ ፈተናውን የሚያወጣው ከሙያው መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው፣ የመጽሐፉ ባለቤት ሑነይን (በ260 ዓ.ሂ. የሞተ) የሒራ ተወላጅ የሆነ ክርስቲያን መሆኑ ነው። ይህን ማንም አልደበቀውም፤ ማንንም አላሳፈረም። ከዚህ ዘመን ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ ደግሞ ኢማሞቻችን አንድ ጥያቄ ይቀርብላቸዋል፦ የሟችን የዐይን መስታወት ወስዶ ለዕውር መስጠት ይፈቀዳል ወይ? በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የፈለግነው፣ ጥያቄው ባለፉት መቶ ዓመታት ከውጭ የመጣብን እንግዳ ነገር ሳይሆን ከሓሉና ፈቂሁ ጎን ለጎን ሲሠሩበት የኖሩት ጉዳይ ቀጣይ መሆኑን ነው። ፈቂሁም መልስ የሰጠው ከሓሉን ጠይቆ ነው።

አስቀድመን ስሞቹን እናጥራ። ከሓል የሚለው ቃል የመጣው ኩሕል ከሚለው ነው፤ እኛም በአማርኛ ኩል የምንለው ይኸው ቃል ነው። ስለ ዐይን ሕክምና የሚናገረው ጥበብ ራሱ በድሮ መጻሕፍት «ኩሕል» ይባል ነበር። ብርሃንን ወደ ዐይን የሚያስገባውን የፊተኛውን ጥሩ ሽፋን ዐረቦች «ቀርኒያ» አሉት፤ ቀንድማ እንደ ማለት ነው። አውሮጳውያን ኮርኒያ የሚሉትም ከላቲኑ ቀንድ የወጣ ነው። ለምን ቀንድ ተባለ ለሚል፣ የአገራችንን የቀንድ ዋንጫ የሚሠራ ሰው ይመስክር፤ ቀንድ ሲፋቅና ሲሳሳ ብርሃን ያሳልፋል። በእኛ አገር ግን የኮርኒያ ልገሳ ሲነገር «የዐይን ብሌን ልገሳ» ይባላል። ብሌን በሕዝቡ ጆሮ ጥቁሩ የዐይን ክፍል፣ አንዳንዴም መላው ዐይን ነው። ስለዚህ ሰሚው ዐይን ተጎልጉሎ ለሌላ ሰው የሚተከል ይመስለዋል። መላ ዐይንን ለሌላ ሰው ተክሎ ማየት እንዲችል ያደረገ ሐኪም የለም። የሚተከለው ውፍረቱ በመሐሉ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል የሆነው ኮርኒያ ብቻ ነው። ብዙው ጭቅጭቅ የሚጀምረው ከዚህ የቃል ጉዳይ ይመስለናል።

ስለ ኮርኒያ ሕመም ከሁሉ ይልቅ በሥርዓት የጻፈልን የባግዳዱ ዐሊ ኢብን ዒሳ ነው። የኖረው በ4ኛው ክፍለ ዘመነ ሂጅራ መጨረሻና በ5ኛው መጀመሪያ ነው። በዚያው ዘመን ዐዱዱ-ድደውላ በ372 ዓ.ሂ. ያሠራው ታላቁ የባግዳድ ቢማሪስታን ሥራ ላይ ነበር፤ በሐኪሞቹ መካከልም ከሓሎች ይቆጠሩ ነበር። የዐሊ መጽሐፍ «ተዝኪረቱል ከሓሊን»፣ የከሓሎች ማስታወሻ፣ በሦስት መቃላት የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው ስለ ዐይን አፈጣጠር፣ ሁለተኛው በዐይን ለሚታዩ ሕመሞች፣ ሦስተኛው ለተሰወሩት ሕመሞችና ለመድኃኒቶች ነው። በመጽሐፉ ውስጥ 130 የዐይን ሕመሞች እንደ ተገለጹ ተቆጥሯል። የሐኪሞችን ታሪክ የጻፉት ኢብን አቢ ኡሰይቢዐ (በ668 ዓ.ሂ. የሞቱ) ሰዎች ሌላውን ትተው በዚህ መጽሐፍ እንደ ተወሰኑ ይመሰክራሉ። አባታቸውም ከሓል፣ እርሳቸውም ከሓል ስለ ነበሩ ቃላቸው የባለሙያ ቃል ነው።

ዐሊ በኮርኒያ ላይ ምን አየ? አጉሊ መሣሪያ አልነበረውም። ያየው በዐይኑ ነው፤ ሆኖም ያየውን በጥልቀትና በመጠን ለየ። ከግሪኮች በሑነይን በኩል የወረሰውን ክፍፍል ተከትሎ የኮርኒያን ቁስል በሰባት ይከፍለዋል፦ አራቱ ከላይ የሚቀሩ፣ ሦስቱ ወደ ውስጥ የሚጠልቁ። ይህ ክፍፍል ለዛሬ አንባቢ የቁጥር ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ለሐኪሙ ፍርድ ነው። ላይ ላዩን የቀረ ቁስል ብዙ ጊዜ ያለ ጠባሳ ይድናል፤ የጠለቀው ቢድን እንኳ ነጭ ጠባሳ ትቶ ይሄዳል፤ ከዚያም የባሰው ኮርኒያውን በስቶ ውስጠኛው ሽፋን እንዲወጣ ያደርጋል። ከሓሎቹ ለዚህ የወጣ ነገር በመጠኑ ስም ሰጥተውታል፤ ትንሹ የጉንዳን ራስ፣ ከፍ ያለው የወይን ፍሬ፣ የጠነከረውና ያረጀው የሚስማር ራስ ተባለ። የዛሬ ሐኪምም ቢሆን የኮርኒያ ቁስል ያለበትን ሰው ሲመረምር ቀድሞ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፦ ምን ያህል ጠልቋል? ተበስቷል ወይስ አልተበሳም?

ጠባሳውን «በያድ»፣ ንጣት፣ ይሉታል። የሱረቱ ዩሱፍ 84ኛ አንቀጽ ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) በልጃቸው ሐዘን ዐይናቸው እንደ ነጣ ሲነግረን የሚጠቀምበት ቃል ከዚሁ ሥር ነው። ይህን ስንል አንቀጹን በሕክምና መጽሐፍ ልንፈታው አይደለም፤ ዐረብኛ ተናጋሪው ዐይን ሲነጣ ማየት እንደሚጠፋ ያውቅ እንደ ነበር ለማስታወስ ብቻ ነው። ከሓሎቹ ለቀጭኑ ጠባሳ የሚያጠሩ መድኃኒቶችን ይቀምሙ ነበር። ለወፍራሙ ግን ከግሪኮች የመጣ ሌላ ዘዴ ነበር፤ ነጩን በቀለም ማጥቆር። ይህ የሰውየውን መልክ ያሳምር ይሆናል እንጂ ማየትን አይመልስም። ወፍራም የኮርኒያ ጠባሳ ከሓሉ ድንበሩ ላይ የሚቆምበት ሕመም ነበር፤ ለዘጠኝ መቶ ዓመታት ያህልም ድንበሩ አልተሻገረም።

የዐረብ ከሓሎች ከግሪኮች አልፈው የሄዱበት የኮርኒያ ሕመም ሰበል ነው። ሰበል በዐይን ላይ እንደ መረብ የሚሸመኑ፣ እየሄዱም ኮርኒያውን የሚሸፍኑ ቀያይ የደም ሥሮች ናቸው። ዐይን ይቀላል፣ ያነባል፣ ብርሃን ይሸሻል፣ እይታም ይደበዝዛል። ሕክምናው ቀላሉ በመድኃኒት ነበር፤ ለከበደው ግን «ለቅጥ»፣ ለቀማ፣ የተባለውን ቀዶ ሕክምና አዘጋጁ። ቆቦቹ ተገልጠው ይያዛሉ፤ መረቡ በስስ መንጠቆዎች ወደ ላይ ይነሣል፤ ከዚያ በስስ መቀስ እየተለቀመ ይቆረጣል። የኮርዶባው አቡል-ቃሲም አዝ-ዘህራዊ (በ404 ዓ.ሂ. ገደማ የሞቱ) በታላቁ የቀዶ ሕክምና መቃላቸው ለዚህ ሥራ አንድ ምክር ይጨምራሉ፦ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይን ፊት ለፊት አድርጎ መሥራት። በሌላ መብራት ይህን የመሰለ ስስ ነገር የማይታይበትን ዘመን ለማሰብ ይህች አንዲት ቃል ትበቃለች። በመንጠቆና በመቀስ መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ጭረት አይበልጥም፤ በሽተኛውም አንቀላፍቶ አይደለም። ሸይዘሪ መንጠቆዎቹን ለማየት ሣጥኑ ይከፈት ያሉት በከንቱ አልነበረም።

የሰበል ነገር ለእኛ ዘመን ለምን ይጠቅማል ለሚል መልሱ በኮርኒያ ተፈጥሮ ውስጥ ነው። ጤነኛ ኮርኒያ የደም ሥር የለውም። ኦክስጅን የሚያገኘው በአብዛኛው ከአየር በእንባው በኩል ነው፤ ምግቡንም ከኋላው ካለው ፈሳሽ ይወስዳል። ጥራቱም ንቅለ ተከላውም የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ደም የማይደርስበት ቦታ ስለ ሆነ የሰውነት መከላከያ ኃይል የሌላውን ሰው ኮርኒያ እንደ ኩላሊት ወይም እንደ ልብ አይዋጋውም። የደም ሥር የገባበት ኮርኒያ ግን ይህን ዕድል ያጣል፤ የተተከለለትን ባዕድ ኮርኒያ የመግፋት አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ የዛሬው የኮርኒያ ሐኪም ከንቅለ ተከላ በፊት መርምሮ የሚቆጥረው ከሓሉ በመንጠቆ ያነሣውን ያንኑ የደም ሥር ነው።

ሰበልን ከሚያመጡት ዋነኛው ደግሞ ዐረቦች «ጀረብ»፣ የቆብ እከክ፣ ያሉት ነው፤ ዛሬ ትራኮማ ይባላል። ከሓሎቹ ጀረብን በአራት ደረጃ ይከፍሉት ነበር፤ የላይኛውን ቆብ ገልብጠው ሻካራውን ይፍቁ ነበር። በመጻሕፍታቸው የትርፍ ፀጉር፣ ማለትም ወደ ዐይን የሚዞር የቆብ ፀጉር፣ ቀዶ ሕክምናም አለ፤ ከቆቡ ቆዳ ስስ ቅርጭት አንሥተው እየሰፉ ፀጉሩ ወደ ውጭ እንዲመለስ ያደርጉ ነበር። ነገሩን እንደምናውቀው ሕመሙ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። ተሕዋሲው በልጅነት ደጋግሞ ያጠቃል፤ የቆቡ ውስጠኛ ገጽ ይጠባሳል፤ ጠባሳው ሲኮማተር ቆቡን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል፤ ፀጉሩም በእያንዳንዱ ጥቅሻ ኮርኒያን ይፍቃል። መጨረሻው ያ በያድ ነው።

ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ አይደለም። በደረሳነታችን በወሎ ቁርአን ያቀሩን ሸይኽ (ረሒመሁላህ) ከቀሚሳቸው ኪስ ወረንጦ አይለያቸውም ነበር። ሐሙስ ከዐስር በኋላ በር ላይ ወጥተው ይቀመጡና ዐይኑ ጥሩ የሆነ ልጅ ይጠራሉ፤ ያ ልጅ ወደ ውስጥ የዞሩትን ፀጉሮች አንድ በአንድ ይነቅላል። ብዙ ጊዜ ተረኛው እኛ ነበርን። ሸይኹ በተነቀለ ቁጥር «አልሐምዱ ሊላህ» ይላሉ፤ ለአራት አምስት ቀን እፎይ ይላሉና። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲያልፍ ፀጉሩ ተመልሶ አጥሮና ጠንክሮ ይበቅላል። ግራ ዐይናቸው ቀድሞ ነጣ። ቀኙም ሲነጣ ቁርአኑ በልባቸው ስለ ነበር ማቅራቱን አላቆሙም፤ ሎሃችንን ግን ማየት ስላልቻሉ ጽሕፈታችንን የሚያርምልን ታላቁ ደረሳ ሆነ። እኛ በዚያ ዘመን ይህ የእርጅና ዕጣ ይመስለን ነበር። ዐሊ ኢብን ዒሳ ከዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመት በፊት ቆቡን ቀዶ መስፋትን እንደ ጻፈ ያወቅነው ሸይኹ ካረፉ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ነው።

ኢትዮጵያ ከዓለም አገሮች ሁሉ የትራኮማ ጫና የከበደባት አገር ናት። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ የሚሆነው ዕውር ሆኖ ተገኝቷል። ግማሽ ያህሉ ምክንያት የዐይን ሞራ ነው፤ 11.5 በመቶ ከትራኮማ የመጣ የኮርኒያ ጠባሳ፣ 7.8 በመቶ ደግሞ ሌላ የኮርኒያ ጠባሳ ነው። ሁለቱን ብንደምር ከአምስት ዕውራን አንዱ ያህል በኮርኒያ ምክንያት የታወረ ነው። ትራኮማን ለማጥፋት ከሚሠራባቸው አራት ነገሮች አንዱ የሕፃናት ፊት ንጽሕና ነው፤ ቀሪዎቹ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒትና የአካባቢ ንጽሕና ናቸው። በየማለዳው የሠላሳና የአርባ ልጅ ፊት የሚያይ የመድረሳ መምህር ይህን ለጤና ባለሙያ ብቻ ሊተወው አይገባም።

ስለ ቀደምቶቻችን ስንናገር ልክ ማለፍም አለ። በአንዳንድ መድረኮች ከሓሎቹ ሁሉን አውቀው፣ አውሮጳ ሁሉን ሰርቃ እንደ ሄደች ተደርጎ ይነገራል። እውነቱ እንዲህ አይደለም። ዐሊ ኢብን ዒሳ እንደ ጃሊኖስ ሁሉ የማየት ኃይል ያለው በመሐለኛው በረዶ መሳይ እርጥበት ላይ ነው ብሎ ያምን ነበር። የዐይን ሞራም ከላይ የሚወርድ ውኃ መሰለው። ሁለቱም ስሕተት ነው። በዘመኑ የነበረው የሞሱሉ ዐማር ኢብን ዐሊ በግብጽ ሆኖ ሞራን በባዶ መርፌ ስቦ የማውጣት ዘዴ ጽፏል፤ እርሱ ግን የኮርኒያ ጉዳይ ስላልሆነ እንለፈው። ኢብኑል ሀይሠም በ«ኪታቡል መናዚር» ዐይን የምታየው ብርሃን ከሚታየው ነገር ወጥቶ በጥሩው ኮርኒያ በኩል ሲገባ መሆኑን በማስረጃ አቆመ፤ ያም ሆኖ ከሓሎቹ በዚህ መጽሐፍ የሕክምና ሥራቸውን እንዳሻሻሉ የሚያሳይ ነገር በጽሑፎቻቸው አላገኘንም። የከሓሉ ክብር ሁሉን በማወቁ ላይ አልነበረም፤ ያየውን ለይቶ በመጻፉና በማያውቀው ላይ ስለት ባለማሳረፉ ነበር። መጽሐፉ የተጠበቀውም በባለሙያ እጅ ነው። ተዝኪራውን እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ጀርመንኛ የመለሰው የበርሊኑ የዐይን ሐኪም ዩሊየስ ሂርሽበርግ ከዐረብኛ አዋቂው ሊፐርት ጋር ነው፤ በ1936 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ኬሲ ዉድም የዐይን ሐኪም ነበር። የሑነይንን ዐሥር መቃላት በ1928 በካይሮ ያሳተመው ማክስ ማየርሆፍ እዚያው ካይሮ ዐይን እያከመ የኖረ ሰው ነው። ቀን የግብጻውያንን ትራኮማ እያየ፣ ማታ ስለዚያው ሕመም የተጻፈውን የድሮ ዐረብኛ ያነብብ ነበር ማለት ነው። በእኛ በኩል ከመድረሳ ወጥቶ ይህን ሥራ የሠራ ሰው አለመኖሩ ያሳዝነናል።

ከሓሉ የቆመበት ድንበር የተሻገረው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1905 ነው። ዛሬ ቼክ ሪፑብሊክ በምትባለው አገር በኦሎሞውትስ ከተማ የነበረው የዐይን ሐኪም ኤድዋርድ ዚርም ሁለት በሽተኞች ገጠሙት። አንዱ በኖራ ቃጠሎ ሁለት ዐይኖቹ የነጡበት ሠራተኛ ነው። ሌላው በዐይኑ ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት ዐይኑ መውጣት የነበረበት የ11 ዓመት ልጅ ነው። የልጁ ዐይን ማየት ባይችልም ኮርኒያው ደኅና ነበር። ዚርም ከወጣው ዐይን ኮርኒያውን ወስዶ ለሠራተኛው ተከለ፤ አንደኛው ዐይን ጠርቶ ቀረ፤ ሰውየውም ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1930ዎቹ የኦዴሳው ቭላዲሚር ፊላቶቭ ኮርኒያን ከሟች መውሰድ እንደሚቻል በብዙ በሽተኞች አሳየ። በ1944 በኒው ዮርክ የመጀመሪያው የዐይን ባንክ ተቋቋመ።

የፊቅህ ጥያቄው የተነሣው እዚህ ላይ ነው፤ ፈቂሆችም አልዘገዩም። እ.ኤ.አ. በ1959 የግብጽ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሐሰን መእሙን የሟችን ኮርኒያ ለሕያው ማየት መመለሻ መውሰድን በፈትዋ ፈቀዱ፤ የሟች ክብር ሳይነካ በአስፈላጊው ልክ ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። በዚያ ጊዜ የልብ ንቅለ ተከላ ገና አልተጀመረም፤ ስለ አንጎል ሞት የሚነሣው ከባድ ክርክርም አልነበረም። ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈው ይህ ነው። ኮርኒያ ልቡ ከቆመ፣ ትንፋሹ ከተቋረጠ፣ ሞቱ በማንም ዘንድ ከማያጠራጥር ሰው ይወሰዳል። ስለዚህ በሞት መለኪያ የሚለያዩ ዑለማዎች በኮርኒያ ላይ በዚያ ምክንያት ሊለያዩ አይችሉም። በ1398 ዓ.ሂ. የሸዋል ወር የሳዑዲ ታላላቅ ዑለማዎች ጉባኤ በቁጥር 62 ውሳኔው ስለ ኮርኒያ ለብቻው ተናገረ። ሞቱ ከተረጋገጠ ሰው ኮርኒያ ተወስዶ ለተቸገረ ሙስሊም እንዲተከል ፈቀደ፤ መሳካቱ በአመዛኙ የሚታመን እንዲሆንና ወልዮቹ የማይከለክሉ እንዲሆን ደነገገ። ለሥጋት ሲባል በሐኪም ውሳኔ ከሚወጣ ዐይን ደኅናውን ኮርኒያ መውሰድንም ፈቀደ። ስለ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ያው ጉባኤ የተናገረው ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1988 በጅዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የፊቅህ ጉባኤ በ26ኛ ውሳኔው ኮርኒያን ሁለት ጊዜ በስም ያነሣል። በሕመም ምክንያት ከወጣ ዐይን ኮርኒያን ለሌላ ሰው መስጠት ይፈቀዳል፤ ይህ የዚርም ሥራ ራሱ ነው። ሕያው ሰው የሁለት ዐይኖቹን ኮርኒያ መስጠት ግን ሐራም ነው፤ መሠረታዊ የሰውነት ሥራውን ያሳጣዋልና። ከሟች ስለ መውሰድ ደግሞ ሟቹ በሕይወት ሳለ ከፈቀደ፣ ወይም ወራሾቹ ከሞቱ በኋላ ከፈቀዱ፣ ማንነቱ ካልታወቀ ወይም ወራሽ ከሌለው የሙስሊሞች ባለሥልጣን ከፈቀደ ይቻላል አለ። ሽያጭን በማንኛውም መንገድ ከለከለ። ሦስቱን ውሳኔዎች ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ሰው፣ «መሳካቱ ይታመናል»፣ «በሐኪም ተወስኗል»፣ «ሞቱ ተረጋግጧል» የሚሉት ቃላት የፈቂሁ ብቻ እንዳልሆኑ ያያል። ሸይዘሪ ሑነይንን እንደ ጠየቁ፣ እነዚህም ከሓሉን ጠይቀዋል።

የተቃወሙትን ዑለማዎች ቃል ሳንጠቅስ ብናልፍ አማና አይሆንም። የፓኪስታኑ ሙፍቲ ሙሐመድ ሸፊዕ (ረሒመሁላህ) የሰው አካል የሰው ንብረት ስላልሆነ ሊሰጠው አይችልም ብለዋል፤ የግብጹ ሸይኽ ሙሐመድ ሙተወሊ አሽ-ሸዕራዊም (ረሒመሁላህ) በዚሁ መንገድ ሄደዋል። የሟች አጥንት ክብር ከሕያው አጥንት ክብር እንደማያንስ የሚያስተምረው፣ አቡ ዳውድ የዘገቡት ሐዲስም ከባድ ማስረጃቸው ነው። እኛ ይህን ማስረጃ አናቀልለውም። ሆኖም በአገራችን በስፋት በሚቀራው የሻፊዒያ መዝሀብ ነወዊን ያነበበ ሰው፣ ሕያው ፅንስ በማኅፀኗ ያለ ሟች ሴት ሆዷ እንዲከፈት መፈቀዱን ያገኛል፤ ለረሃብተኛ በጭንቅ ጊዜ የተፈቀደውንም ያውቃል። እዚያ የሟች ክብር አልጠፋም፤ ከእርሱ የሚበልጥ የሕያው ፍላጎት ቀደመው እንጂ። ማየት ነፍስ አይደለም የሚል ይነሣል፤ ልክ ነው። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሁለቱን ዐይኖች ለሰው የተወደዱ አድርገው እንደ ጠሯቸውና መጥፋታቸውን ለታገሠ ጀነት እንደ ተነገረለት በቡኻሪ ዘገባ እናነባለን። ዋጋቸው ይህን ያህል ከሆነ ሊመለሱ ሲችሉ መመለሳቸው ቀላል ነገር አይደለም። የፈቀዱትን ዑለማዎች መንገድ የምንመርጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን መምረጣችን ዘግይቷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ አንድ ሌሊት ስልክ ተደወለልን። የጀማዓችን አባል የነበሩ አንድ አባት ከኢሻ በኋላ ሞተው ነበር። የደወለችው ትልቋ ልጃቸው ናት። «ሸይኽ፣ አባባ ለዐይን ባንክ ቃል ገብተው ነበር፤ ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። ወንድሞቼ ደግሞ ሐራም ነው ይላሉ። ምን እናድርግ?» አለችን። እኛም ኪታብ አይተን እስክንመልስላት ትዕግሥት እንድታደርግ ነገርናት። የ1988ቱን ውሳኔ በስም እናውቀው ነበር፤ ቃሉን ግን አላነበብነውም ነበር። ሱብሕ ሲሰገድ ገና ስናገላብጥ ነበርን። ኮርኒያ ከሞት በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካልተወሰደ ይበላሻል። ጀናዛው ረፋድ ላይ ወጣ። ልጅቱ አልወቀሰችንም፤ ዝም ብላ እጃችንን ሳመች።

በኢትዮጵያ የዐይን ባንክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን ሥራው ከዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ጋር የተያያዘ ነው። ከዚያ ሌሊት በኋላ ኢማሞች በጀናዛ ሰዓት የሚጠየቁትን እየሰበሰብን ባለሙያዎችን ጠየቅን። ጀናዛን ማፍጠን ሱና ነው፤ ኮርኒያ የመውሰዱ ሥራ አንድ ሰዓት ያህል ስለሆነ ቀብርን አያዘገይም፤ እንዲያውም ሁለቱም ፍጥነት ይፈልጋሉ። አወሳሰዱ በሁለት መንገድ ይሆናል፦ ኮርኒያውን ከጥቂት ጠርዙ ጋር ብቻ፣ ወይም ዐይኑን አውጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ቅርጽ ማስገባት። በሁለቱም ቆቦቹ ይከደናሉ፤ ፊቱም አይለወጥም። ይህን ለቤተሰብ መደበቅ አይገባም፤ ሁለተኛውን ሰምቶ የሚሰቀቅ ሰው መስማት የነበረበት ከኢማሙ ነው እንጂ ከቀብር በኋላ ከጎረቤት አይደለም። ትጥበቱ ከዚያ በኋላ ይፈጸማል፤ ከዐይን ደም የፈሰሰ እንደ ሆነ እንደ ሌላው የሟች ቁስል ይታጠባል። ክፍያ የለውም፤ ከኖረም ውሳኔዎቹ ይከለክሉታል። ቃል የገባው ሰው በሕይወት ሳለ ለወራሾቹ በግልጽ መንገሩ ግን ከሁሉ ይቀድማል፤ በዚያ ሌሊት ወንድሞቿ ስለ ወረቀቱ የሰሙት ገና አባታቸው ከሞቱ በኋላ ነበር።

አንድ ጥያቄ ገና በመካከላችን አለ። የ1398ቱ ውሳኔ ተቀባዩን «ሙስሊም» ሲል የጅዳው ግን እንዲህ አይገድብም። በዐይን ባንክ ለጋሹ ተቀባዩን አይመርጥም፤ ተቀባዩም ለጋሹን አያውቅም። ያ የ11 ዓመት ልጅ ኮርኒያው ለማን እንደ ሄደ የሚወስንበት ዕድሜ አልነበረውም፤ ሑነይንም መጽሐፉን ሲጽፍ ማን እንደሚፈተንበት አያውቅም ነበር። በዚህ ዓመት በምናቀራው ክፍል ይህን ጉዳይ ለደረሶቻችን አቅርበናል፤ ሁለቱን ውሳኔዎች በዐረብኛው ከነወዊ «መጅሙዕ» ጋር ይዘው እንዲመጡ አዘናቸዋል፤ ክርክሩ በሚቀጥለው ሐሙስ ከዐስር በኋላ ይጀመራል።